የአባቴ ጉድጓድና ባዶው ምት

በዚያ ክረምት ጉድጓዳችን ጋ ሰልፍ ቀረ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ከዚያ በፊት ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ ቅጂ ስባል የሰፈሩ ጄሪካን ሁሉ ቀድሞኝ ተደርድሮ ይጠብቀኝ ነበር። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ክዳኑ ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈው። የጉድጓዱ ባለቤት ልጅ ነኝ ብዬ ልቅደም ብል አባቴ ባቢከር ከሩቅ በእኛ ቋንቋ ይቆጣኛል። «አፈሩን ነው እኔ የቆፈርኩት፤ ውሃው የእኔ አይደለም፤ ተራሽን ጠብቂ» ይለኛል። እናም አንድ ቀን ባልዲዬን ይዤ ብወጣ ማንም የለም። ገመዱ ደርቋል። አባቴ ብቻ ግንድ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል። በማግስቱም እንደዚያው። ጉድጓዱን ለእኔ ብሎ የሚጠብቅልኝ መሰለኝ። እናቴ ኸድራ ባልዲውን በአመድ ጠዋት ማታ ትፈትጋለች፤ ገመዱን ሳይቀር ታጥባለች። ያን ሰሞን ጽዳት የወደደች መሰለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ሰፈራችን ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ወጣ ያለ ነው። ግማሹ እኛ በርታዎቹ ነን፤ ግማሹ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። በለጡ ከእነሱ ወገን ስትሆን የአጥር ጎረቤታችን ናት። በመካከላችን ያለው የቀርቀሃ አጥር እኔና ልጇ ሰብለወንጌል የምንሾልክበት ቀዳዳ ነበረው። አባቴ አማርኛውን ገበያ ላይ ስለለመደው ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነው የሚለው። «በለጡ፣ አንተ ደህና አደረ?» ሲላት እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ኧረ ባቢከር፣ ወንድ አድርገኸኝ ቀረህ እኮ!» ትላለች።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ልጆች ታመሙ። ተቅማጥና ትውከት ከቤት ቤት ዞረ። እኔንም ለሦስት ቀን አንከላወሰኝና ተወኝ። የበለጡን ሕፃን ግን አልተወውም። አንለይ ይባላል፤ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ገና ስሜን፣ ነዕማን፣ «ነማ» እያለ መጥራት መጀመሩ ነበር። በለጡ በሻሽ አዝላው በሚኒባስ አሶሳ ወሰደችው፤ በሦስተኛው ቀን ባዶ ጀርባዋን ተመለሰች።

ከቀብሩ በኋላ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የባቢከር ውሃ ነው የበላው» ሲሉ ሰማሁ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚበላ ነገር ያለ መሰለኝ። አባቴ ለሶላት ሲሄድ ጠብቄ አፋፉ ላይ በሆዴ ተኛሁና ወደ ታች አየሁ። የእኔው ጭንቅላት ነው የታየኝ። «አንለይን መልስ!» ብዬ ጮህኩበት። ድምፄ ተመልሶ መጣ እንጂ ምንም አልወጣም። ሰብለወንጌልም በአጥሩ ቀዳዳ መምጣት አቆመች። ተጣልተን አልነበረም። እናቷ ከልክላት ነበር።

እንግዲህ መነን የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት የምትሠራ ወጣት ነበረች፤ ከጤና ቢሮ ደብዳቤ ይዛለች። ጭቃ የለበሰ የጎማ ቦት ታደርጋለች፤ እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ትሰካለች። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ኦልጅራ ማረፊያ ያገኘላት በለጡ ቤት ነበር። ሰዉ ጉድጓዱ ዛሬውኑ ይደፈን ሲል፣ አቶ ኦልጅራ «የልጅቷ ጥናት ይለቅ። ውሃው ነው ካለች በድንጋይ እንሞላዋለን፤ እስከዚያ ማንም እጁን እንዳያነሳ» አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ ብቻ ወደ ግንዱ ተመለሰ።

መነን ስድሳ ቤት ዞረች። ሠላሳው ከእኛ ጉድጓድ ይቀዳ የነበረ፣ ሠላሳው ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ምንጭ የሚቀዳ። እየገባች «ባለፈው ወር ከልጆቻችሁ የታመመ አለ?» ትላለች፤ ትጽፋለች፤ ትወጣለች። እኛ ቤት ስትመጣ እናቴ ማንጎ ቆርጣ አቀረበችላት፤ አመስግና አልበላችም። ጠላችን አልኩ። ዛሬ እኔ ራሴ አሶሳ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን መረጃ እንዲሰበስቡ ሳሰማራም ከምታጠኑት ሰው ስጦታ አትቀበሉ እላለሁ። ያን ቀን ግን ያ ያልተነካ ማንጎ ፍርድ መስሎ ታየኝ።

በዚያን ጊዜ በሰፈራችን የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው ከበለጡ ቤት ጓሮ ያለው ኩይሳ ላይ ሲወጣ ብቻ ነበር። መነን ኩይሳው ላይ ቆማ ከመምህሯ ጋር ስታወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። እኔ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ነበር።

«አዎ፣ ሁለት መላምት ነው ያለኝ!» ትላለች። «ባዶው መላምትና የምርምሩ መላምት! ... አዎ! ባዶውን መጣል ከቻልን ሁለተኛውን እንቀበላለን! ያኔ ጉድጓዱ ይዘጋል ማለት ነው!»

አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ «መላምት» የሚለውን ቃል ሰምቼው አላውቅም። «ምት» የሚለውን ግን በደንብ አውቃለሁ። አስተማሪያችን አርጩሜ ይዞ «ስንት ምት ይገባሃል?» ይል ነበር። ስለዚህ በእኔ ጆሮ ሁለት ምት መጥቷል፤ አንደኛው ባዶ ምት ነው፤ አየር ላይ የሚያርፍ፤ የማያም። ሁለተኛው የእውነቱ ነው፤ እሱ አባቴ ላይ ያርፋል። ይህች ቦት ያደረገች ልጅ ባዶውን ከጣለችው የሚቀረው የእውነቱ ነው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኝ እዚህ ላይ ግን ብዙም አልተሳሳትኩም ነበር።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። አባቴ እህል አልቀምስ ብሏል። እናቴ በእኛ ቋንቋ «ሸርቆሌ ወንድሜ ጋ እንሂድ» ስትለው «ጥፋተኛ ነው የሚሸሸው» ሲላት ሰማሁ።

በአራተኛው ቀን በለጡ ገበያ ሄደች፤ መነን ወደ ምንጩ ወረደች። በቀዳዳው ሾልኬ ገባሁ። የመነን ደብተር በረንዳው ላይ ተገልጦ ነበር፤ ነፋስ እንዳያገላብጠው ድንጋይ ጭናበታለች። ከላይ «የጉድጓድ ተጠቃሚ» ይላል። ከሥሩ የቤት ቁጥር ከአንድ እስከ ሠላሳ፤ ከየቤቱ ጎን አንድ ወይም ዜሮ በእርሳስ ተጽፏል። ዜሮው ይበዛል።

ባዶው ይኸውልሽ አልኩ ለራሴ። የምትጥለው እነዚህን ነው። ባዶ ከሌለ ግን ምን ትጥላለች?

ከቦርሳዬ ላጲሴን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ዜሮ አጠፋሁና አንድ ጻፍኩበት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አሥራ ሁለተኛውን እንደጨረስኩ የበለጡ ውሻ ጮኸ፤ ድንጋዩን መልሼ ሮጥኩ። ዘጠኝ ዜሮ ቀርቶብኝ ነበር።

ዜሮ ማለት «በዚህ ቤት ልጅ አልታመመም»፣ አንድ ማለት «ታሟል» እንደሆነ ማን ይነግረኛል? አባቴን ላድን ብዬ አሥራ ሁለት ጤነኛ ቤት በሽተኛ አድርጌ መጣሁ።

ሐሙስ ከሰዓት መነን ኩይሳው ላይ ወጣች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ይንቀጠቀጣል። «ከሠላሳ ሃያ አንዱ! ... የምንጩ ስምንት ብቻ ነው! ... በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም፣ ደግሜ አስልቼዋለሁ! ባዶው መላምት ይጣላል!»

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ሊነግረን አላስፈለገም። ቅዳሜ ጠዋት ይደፈን ተባለ። ወጣቶቹ በጋሪ ድንጋይ እያመጡ ከጉድጓዱ ጎን ያራግፉ ጀመር። አባቴ አልተከራከራቸውም። እንዲያውም አንዱ ልጅ ድንጋይ ከብዶት ሲያዘግም ተነሥቶ አገዘው። ያንን አይቼ ጉድጓዱን ጠልቶታል ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ማታ ግን እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና መጽናናቴ ጠፋ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ቀርቼ መነንን ፈለግኳት። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ታሰናዳለች።

«እባክሽ አትጣይው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ባዶውን። ዘጠኝ ብቻ ነው የቀረኝ። ውሻው ባይጮህ እጨርሰው ነበር።»

«ምን ልትጨርሺ?»

«ባዶዎቹን። አንድ እያደረግኳቸው ነበር።»

መጀመሪያ አልገባትም። ቀስ ብላ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣች፤ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ገጹን አየችው። በጣቷ ላጲስ ያደበዘዘውን ቦታ ዳሰሰች። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ከገጹ ሳትነቅል ቆየች። የተረጋጋች መሰለኝ። አሁን ግን አውቃለሁ፤ በማግስቱ የአንድ ሰው ጉድጓድ በእሷ ቃል ሊደፈን ነበር፤ ደብተሯንም ሳትቆልፍ ትታ የሄደችው እሷ ነበረች።

ከዚያ ቦርሳዋን ገልብጣ ወረቀት ዘረገፈች። በየቤቱ የሞላችው ቅጽ፣ ስድሳውም፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያው ነበር። ደብተሩ ማጠቃለያ ብቻ ኖሯል።

«ማንበብ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው አንቢልኝ። ቤት ቁጥር አንድ።»

«ቁጥር አንድ... የታመመ ልጅ፣ የለም።»

«ቁጥር ሁለት።»

«የለም።»

«ቁጥር ሦስት።»

«አለ።»

እስከ ሠላሳ አነበብኩላት። በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ አረመች። ስናበቃ ከጉድጓዱ ሠላሳ ቤት የታመመ ልጅ የተገኘው በዘጠኙ ነበር። ከምንጩ በስምንቱ። መነን ዓይኖቿን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«አሁን ደግሞ ንገሪኝ» አለች፤ «ባዶው ምን መስሎሽ ነው?»

ስለ ሁለቱ ምት ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«መላምት መምታት አይደለም። ገና ያላወቅሽውን ነገር 'እንዲህ ሊሆን ይችላል' ብሎ መገመት ነው» አለች። «እኔ ሁለት ግምት ይዤ መጣሁ። አንዱ፣ ከአባትሽ ጉድጓድ የሚጠጡት ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ ታመዋል ይላል። ሰዉ የሚጠረጥረው እሱን ነው፤ እኔም የምመረምረው እሱን ነው። ሌላው፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም ይላል። 'ምንም የለም' ስለሚል ነው ባዶ የተባለው።»

«አንቺ የየትኛው ነሽ?»

«ስጀምር ሁልጊዜ የባዶው ነኝ። ጉድጓዱ ምንም አላደረገም ብዬ ነው የምነሳው። ቁጥሩ ገፍቶ ካላስለቀቀኝ በቀር ከእሱ አልነቃነቅም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠላታችን ናት ስል የኖርኩት ሴትዮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አባቴ አላደረገም ከሚለው ወገን ነበረች።

«ዘጠኝ ግን ከስምንት ይበልጣል» አልኳት ፈርቼ።

ግድግዳው ሥር የበለጡ የለውዝ ጆንያ ነበር። መነን በግራ እጇ አንድ እፍኝ፣ በቀኝ እጇ አንድ እፍኝ ዘገነችና እየፈለፈልን የተበላሸውን እንድቆጥር አደረገችኝ። በግራው ሦስት ብል የበላው ተገኘ፤ በቀኙ አምስት።

«እኩል አልሆነም። ታዲያ ከሁለት ጆንያ የወጣ ነው ልትዪ ነው?»

«አይ፣ ከአንዱ ነው። ስትዘግኚ ደርሶሽ ነው።»

«አንዱ እፍኝ ከሞላ ጎደል በሙሉ ብል የበላው ቢሆንስ?»

«ያኔ... ከሌላ ጆንያ ነው እላለሁ።»

«በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። የአንቺ ሃያ አንድ ያስደነገጠኝ ለዚህ ነው። ዘጠኝና ስምንት ግን አያስደነግጥም።» ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ለሰዉ እኔ እነግራለሁ። ለአባትሽ ግን አንቺ ንገሪው።»

አባቴ ከድንጋዩ ክምር አጠገብ ነበር። በእኛ ቋንቋ ሁሉንም ነገርኩትና ሊመታኝ ነው ብዬ ራሴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ምቱ ሲቀር በጣቶቼ መሐል አየሁት።

«ለእኔ ብለሽ ነው?» አለ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ሌላ ጊዜ በእውነቱ እርጂኝ።» እጄን ከራሴ ላይ አወረደና በእጁ ውስጥ ያዘው። ለብዙ ጊዜ አልለቀቀውም። ያን ዕለት ማታ ገንፎውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። ዝናቡ አባርቶ ከቅጠሉ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር። መነን ቆመች። «ቁጥሩ ወደ ደብተር ሲገባ ተሳስቷል» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደብተሩን በአግባቡ አላስቀመጥኩም። ቅጾቹን አንድ በአንድ ደግሜ አይቻለሁ። አቶ ኦልጅራም ሌሊት ሳይነጋ ተነሥቶ ቆጥሯቸዋል።» አቶ ኦልጅራ ራሱን ነቀነቀ። «ከጉድጓዱ የሚጠጡት ከምንጩ ከሚጠጡት ይበልጥ ታመዋል የሚያሰኝ ማስረጃ የለኝም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ከኛ ወገን አንዱ ሽማግሌ «አልሐምዱሊላህ፣ ንጹሕ ነው!» ብለው ጮኹ።

አባቴ እጁን አነሳ። «ንጹሕ ነው አለ?» ብሎ መነንን ጠየቃት።

«አላልኩም፣ አባ ነዕማ» አለች። «ጥፋተኛ ነው የምልበት ማስረጃ አላገኘሁም ነው ያልኩት። ንጹሕ ነው ብዬ ልምል አልችልም። ልጆች በሁለቱም በኩል ታመዋል። ጉድጓዱም አፉ ክፍት ነው፣ ምንጩም ከብት ይገባበታል፣ ጄሪካኑም አይታጠብም።»

ተናድጄባት ነበር። አንድ ቃል ብትጨምር አባቴ ነፃ ይወጣ ነበር፤ ለምን ሰሰተችው? አሁን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ይህንኑ እላለሁ፤ ባዶውን መላምት መጣል አቃተን ማለት እውነት መሆኑን አረጋገጥን ማለት አይደለም። ሲጽፉት ግን ይረሱታል። አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው፤ ለእሱ ግን ወዲያው ነው የገባው።

«ሐቅ ተናገረ» አለ። ፊቱ ከስንት ሳምንት በኋላ ፈታ አለ። «እኔ ድንጋይ አይመልስም። በዚህ ድንጋይ የጉድጓድ አፍ ይሠራል። ክዳን ይሠራል።»

በለጡ ከኋላ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ፊት መጣች።

«ጉድጓዱ ካልሆነ» አለች፤ «ልጄን ታዲያ ምን በላብኝ?»

መነን አንገቷን ደፋች። «አላውቅም፣ እትዬ በለጡ።»

አባቴ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። «በለጡ፣ አንለይ የኔም ልጅ ነበረ» አላት። «እኔ ቀብር መጣ። ሩቅ ቆመ።»

«አይቼሃለሁ» አለች በለጡ። «ቅረብ ማለት አቃተኝ።» ከዚያ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ እናቴ ሄዳ አቀፈቻት።

በድንጋዩ የጉድጓዱን አፍ ለመሥራት ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሊደፍኑት ያመጡት ወጣቶች ራሳቸው ናቸው የካቡት። የአቶ ኦልጅራ ወንድም የቆርቆሮ ክዳን ሠራለት። የጤና ሠራተኞች መጥተው የውሃ ማከሚያ ጨመሩበት፤ ከዚያም ቀን ቆጥረው አሁን ይጠጣል አሉ።

ይጠጣል የተባለ ዕለት ብዙ ሰው መጣ፤ ግን ሁሉም ራቅ ራቅ ብሎ ቆመ። ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ስለ ማሽላው ያወራል፤ ጄሪካኑን ከእጁ አያወርድም። በለጡ ጄሪካን አልያዘችም። ሰብለወንጌልን በእጇ ይዛ በሰዉ መሐል አልፋ መጣች።

«ነዕማ» አለችኝ፤ «እስኪ ቅጂልኝ።»

በጣሳ ሞልቼ ሰጠኋት። ፊቷን ወደ ሰዉ አዙራ፣ ቆማ፣ ሳትተነፍስ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አባቴ ዓይኖቹን መሬት ላይ ተክሎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

በጣም የጠማት መስሎኝ «ልድገምልሽ?» አልኳት።

«ድገሚልኝ» አለችና ጣሳውን ዘረጋችልኝ።